የደበቅኳት ቀንድ አውጣ

ያን ቀን ዝም ያልኩት ለምን ነበር?

የረጋ ውሃ በሸተተኝ ቁጥር በሐሳብ ወደ ልጅነቴ ከተማ ቢቸና እመለሳለሁ። ከምጽዋ ተመድበው የመጡት ጎረቤታችን መምህር ቤት፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አንዲት ወርቅማ ዓሣ እንደ ሕልም ትንሳፈፋለች።

«ጋሼ፣ ብቻዋን ትብላ እንዴ? ከወንዝ ጓደኛ ላምጣላት?»

«ተይ! የወንዝ እንግዳ መጀመሪያ ለብቻው ይሰነብታል» አሉኝ።

እንግዳን ለብቻው ማስቀመጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። በማግሥቱ ከወንዝ ያመጣኋትን ቀንድ አውጣ በሣጥኑ ጠጠር መካከል ደበቅኩላት። በሳምንቱ ዓሣዋ ጨው የተነሰነሰባት መስላ ነጫጭ ነጥብ አወጣችና ሞተች።

«ውሃዋን አበላሽቼ ገደልኳት» ብለው መምህሩ አቀረቀሩ።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ዘግይቼ ተምሬ እኔም መምህር ስሆን፣ በሽታውን ያስገባችው ከወንዝ የመጣችው ቀንድ አውጣ መሆኗን ተረዳሁ፤ ሞጣ ከተማ አገኘኋቸውና ነገርኳቸው።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ከዚያ ወዲህ ነፍስ ያለው ነገር ቤቴ አላስገባሁም።»