የእህቴ ሳህን

ባለፈው ሳምንት ከቀረጻ በኋላ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሲጋራ ሊለኩስ በሩ ላይ ቆሞ ክብሪት ጫረ። ቦሌ አራብሳ ያለው ኮንዶሚኒየሜ ውስጥ፣ የአንዱን ክፍል ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍነን ነው ፖድካስታችንን የምንቀርጸው። ሥራዬ ሰው ሁሉ «እውነት ነው» ያለውን ነገር በሳይንስ መመርመር ነው። አድማጮቼ ተጠራጣሪው ይሉኛል፤ እናቴ ደግሞ ነገረኛው ትለኛለች። የክብሪቱ ጭስ አፍንጫዬ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ድፍረት ከዳኝ።

አየህ፣ ታላቅ እህቴ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ልጆች ሆነን ቦሌ ሚካኤል ስንኖር፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ብረት በያጁ ደጃፍ ወደቀች። የብየዳው ድምፅ ቀጥ አለ። ሰው ከሩቅ ከበባት እንጂ ደፍሮ የነካት አልነበረም። «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» ይላሉ፤ ጭሱን ካሸተተች ትነቃለች ተብሎ ነው። አንዱ ክብሪት እየጫረ፣ ክንዱን የቻለውን ያህል ዘርግቶ ወደ አፍንጫዋ ያስጠጋል። ከአፏ አረፋ ይወጣል፤ ጭንቅላቷ ከድንጋዩ ጋር ይጋጫል። እኔ ሁለት እጄን ከሥሩ ሰደድኩ።

«ልጁን! አረፋው ነካው!» ብላ ጮኸች ጎረቤታችን። «በቃ፣ እሱንም ይይዘዋል!»

እናቴ እያለቀሰች እጄን በበረኪና ፈተገችው፤ ቆዳዬ ተላጠ። «ለምን ነካሃት ልጄ? ሁለታችሁንም ልጣችሁ?» በሽታው በአረፋው ይተላለፋል ብላ ከልቧ ታምን ነበር። ለዚህም ነው እህቴ የራሷ ሳህን የነበራት፤ ጥግ ይዛ ለብቻዋ ትበላለች።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ጀመርኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔም የምወድቅበትን ቀን እጠብቅ ነበር። የዓይኔ ቆብ ሲርገበገብ «መጣ» እላለሁ። ፀሐይ ላይ ቆሜ ጭልም ካለብኝ፣ ድንጋይ የሌለበት ቦታ ፈልጌ እቀመጣለሁ። ከእኔ የባሰ የፈራችው ግን እህቴ ነበረች። ኳስ ስጫወት አደናቅፎኝ ከወደቅኩ ጩኸቷ ሰፈሩን ያናውጠው ነበር። ሮጣ ትመጣና አጠገቤ ስትደርስ እጇን ወደ ኋላ ደብቃ ትቆማለች።

«ደህና ነህ? በማርያም፣ ደህና ነኝ በለኝ!»

ክረምቱ እንዲህ በፍርሃት አለፈ። ለእንቁጣጣሽ ዶሮው ቀርቦ ትሪውን ስንከብ እሷ እንደ ልማዷ ጥግ ላይ ነበረች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ብድግ ብዬ ሄድኩና ሳህኗ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

«ተነስ ከዚያ!» አለች እናቴ።

«ይኸው አልወደቅኩም እኮ፣ እማዬ።»

እህቴ አተኩራ አየችኝ።

«እርግጠኛ ነህ? አይዝህም?»

«አይዘኝም» አልኳት።

ጠቅለል አድርጋ ጉርሻ አነሳች። አፌ ጋ እስኪደርስ ወጡ ደረቴ ላይ ተንጠባጠበ። ለካ ሰው አጉርሳ አታውቅም።

ዛሬ ማይክራፎን ፊት ቁጭ ብዬ «የሚጥል በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም» ስል ድምፄ አይንቀጠቀጥም። ያን ቀን ግን ምንም አላውቅም ነበር። እንደሚይዘኝ እያመንኩ ነው አፌን የከፈትኩላት።