በጥቅምት የቆረጥኩት ወይን

ባለፈው ሳምንት ፓፓያ ልገዛ ጅማ ጊንጆ ሰፈር ካለ ፍራፍሬ ቤት ገብቼ በላስቲክ ሣጥን የታሸገ ወይን አየሁ። ሻጯ ልጅ፣ "ማዘር ይቅመሱ፣ ዘር የለውም" አለችኝ። አልቀመስኩም። ዘር የሌለውን አልወድም፤ እውነቱን ለመናገር ዘር ያለውንም አልወድም።

ከወይን ጋር የተጣላሁት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ። ከገጠር፣ ከደዶ፣ ወደ ጅማ መጥቼ ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ ነው። ያረፍኩት ከአባቴ እህት ከአክስቴ ሩቂያና ከባለቤታቸው ከሐጂ ዘንድ ነበር። ጠዋት የቤት ሥራ እሠራለሁ፣ ከሰዓት እማራለሁ። በዚያ ዓመት ሚኒስትሪ ተፈትኜ ካለፍኩ እቀጥላለሁ፤ ካልሆነ ደዶ ውስጥ የታጨልኝ ሰው ይጠብቀኛል። አክስቴን አንቱ ነበር የምላቸው፤ እስከ ዛሬም አልተውኩም። ርቀቱን ይጠብቅልኛል።

ሐጂ ቡና ነጋዴ ነበሩ። ከድሬዳዋ አንድ የወይን ቁራጭ አምጥተው ጓሮ ተክለዋል። የጅማ ሰው ተክል አውቃለሁ ሲል ቡና አውቃለሁ ማለቱ ነው። ስለዚህ ወይኗን እንደ ቡና ከአቮካዶ ጥላ ሥር አደረጓት፤ ሥሯን የቡና ገለባ አለበሷት፤ በጋውን ሁሉ ውሃ አጠጧት። ቢላ ግን አላሳዩአትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ አወጣች። እንግዳ በመጣ ቁጥር አክስቴ ያንን ቅጠል እያሳዩ፣ ትንሽ ጊዜ ትፈልጋለች ይሉ ነበር።

የእርሻ መማሪያችን ውስጥ ስለ ወይን አንድ ገጽ ተኩል አገኘሁ። ብርድ በሌለበት አገር ወይን አያንቀላፋም፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ሲያወጣ ይኖራል፤ ስለዚህ ዝናቡ ሲያባራ ሰው ራሱ ቆርጦ፣ ቅጠሉን አራግፎ ሊያሳርፈው ይገባል ይላል። ለአክስቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ሁለቱንም ጊዜ ድስቱን እንዳጥብ ነገሩኝ።

ጥቅምት ላይ ሐጂ ቡና ሊገዙ ወጡ፤ አክስቴ ለሠርግ አጋሮ ሄዱ። መሬቱ ገና የክረምቱን እርጥበት አልጨረሰም፤ ሰማዩ ግን ጠርቷል። ቢላ አንስቼ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ቡቃያ የሚወጣባቸውን ሁለት ሁለት ጉጦች እያስቀረሁ ቆረጥኩ፤ የቀረውን ቅጠል በእጄ ለቀምኩ፤ ፀሐይ የጋረደባትን የአቮካዶ ቅርንጫፍም ጣልኩ። ሳላስፈቅድ ማድረጌ ጥፋት ነው። ብጠይቅ እንደማይፈቀድልኝም አውቅ ነበር።

አክስቴ ሲመለሱ የሠርግ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ጓሮ ቆሙ።

"ማል ጎቴ? ምን አደረግሽ፣ ሙና?"

"መጽሐፉ እንዳለው ነው ያደረግኩት።"

"መጽሐፉ እዚህ ግቢ ገብቶ ያውቃል?"

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄደው፣ ቤት ትፈለጋለች ብለው ስሜን አሰረዙ። ደብተሮቼን ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። እኔን ቡና ማስጫ ላይ አቆሙኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቡና ሳገላብጥ ዋልኩ። ጎረቤት ሲመጣ ዛፍ ያረደችው ልጅ እያሉ ያስተዋውቁኝ ነበር።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ግድም ጉጦቹ ፈነዱ። ከየለምለሙ ቅጠል ሥር የቁንዶ በርበሬ ፍሬ የሚያክሉ አረንጓዴ ዘለላዎች ወጡ። አክስቴም ጎንበስ ብለው ሲያዩ አየኋቸው። ትምህርት ቤት ልመለስ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ያፈራችው በሐጂ ዱዓ ነው፣ አንቺን ምን አገባሽ አሉኝ።

የካቲት ላይ ወይኑ ጠቆረ። ለየጎረቤቱ በሰሃን ተላከ፤ ማሻአላህ ተባለ። ለእኔ ወፍ የጠቀጠቀው ዘለላ ደረሰኝ። አንዷን ፍሬ ቀመስኩ፤ ቆዳዋ ወፍራም ነው፣ ጎምዛዛ ናት። ጣፋጭ ነበረች ብል እዋሻለሁ። የፈተና ምዝገባው አልፎ ነበር።

ደዶ አልተመለስኩም። ከአክስቴ ቤት ወጥቼ ከሁለት ተማሪዎች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ዳንቴል እየሠራሁ፣ ስምንተኛን በሃያ ሦስት ዓመቴ ጨረስኩ።

ዘንድሮ ለዒድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሐጂ ካረፉ ቆይተዋል። የአክስቴ ዓይን ደክሟል፤ ምላሳቸው ደህና ነው። እንግዳ በተሰበሰበበት በሐጂ ዱዓ አፈራች የሚሏትን ወይን ወሬ እንደገና አነሱ። አርባ ዓመት ዝም ብዬ የሰማሁትን ያን ቀን ዝም ማለት አቃተኝ።

"ያፈራችው ስለቆረጥኳት ነው" አልኩ።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

"አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን?"

"ልክ ነሽ ብልሽ፣ ከዚያ በኋላ ማን ያዝዝሽ ነበር?"

ይህን ያሉት ሳይቆጡ ነው፤ የአየሩን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ፤ ባጃጅ ሳልይዝ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ይቅር ብያቸዋለሁ ብዬ ለብዙ ሰው ተናግሬ ነበር፤ ባለማወቅ ነው ያጠፉት ብዬ። አሁን ያንን ይቅርታ መልሼ ወስጃለሁ። ላላወቀች ሴት የሰጠሁት ነበር፤ እንዲህ ያለች ሴት ደግሞ በዚያ ቤት ኖራ አታውቅም።