ተኝቶ የቀረው የሐጂ ኢድሪስ ስልክ

ሥራ የጀመርኩት ሐረር ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ ባለችው የጋሽ ታደሰ ሬዲዮ ቤት ነው። ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ገደማ ቀርቶት ነበር። ሬዲዮ ቤት የምትባለው በስም ብቻ ነው፤ ሬዲዮና ቴፕ የሚያመጣው ሰው እየጠፋ፣ በምትኩ የሞባይል ቀፎ ይዞ የሚመጣው በዝቶ ነበር። የጋሽ ታደሰ ዓይን ደክሟል። የሞባይልን ደቃቅ ብሎን የሚያይላቸው ሰው ፈለጉ። እኔ የወታደር ልጅ ነኝ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሥራ ፈት ሆኜ ነበር፤ ዓይኔ ግን ደህና ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ካቻቢቴ እንኳን አልሰጡኝም። የሰጡኝ የጥርስ ብሩሽና በጠርሙስ ክዳን የተቀዳ ቲነር ነው። አንዲት የልብስ ነጋዴ ቀፎዋን ከነቀሚሷ አጥባው ኖሯል። ጋሽ ታደሰ ፈትተው ቦርዱን ሰጡኝ፤ ረፋዱን ሙሉ ስቦርሽ ቆየሁ። ሲገጣጠም በራ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ስልኩን ይዤ ወደ ሴትዮዋ ስሮጥ ጋሽ ታደሰ ክንዴን ያዙኝ።

«ወዴት ነው?»

«ሠርቷል እኮ፣ ጋሽ ታደሰ። በርቷል።»

«መብራትማ ፋኖስም ይበራል። ደውልበት።»

ቀፎውን ተቀብለው ለሴትዮዋ ሰጧት፤ እኔ ከሱቁ ስልክ ደወልኩ። በሴትዮዋ እጅ ላይ ጮኸ። ያን ጊዜ ብቻ ይዛው እንድትሄድ ፈቀዱ። የቤቱ ሕግ ይኸው ነበር፤ ሳይጮህ የወጣ ስልክ የለም።

በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ማዕረግ ነበረ። ብሩሽ የጀማሪ ነው። ከብሩሽ ወደ ካቻቢቴና ወረንጦ፣ ከዚያ ወደ ቴስተር፣ ከዚያ ወደ መበየጃ ከፍ ይባላል። ሶፍትዌር መጫን ሲመጣ ግን ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ከእኔ በታች ሆኑ። ይህን ቀን ሙሉ ባስታውሳቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ «ይጮኻል ወይ?» እያሉ አፌን ያስዘጉኛል።

ስማርት ስልክ ሲስፋፋ ደግሞ የእኛ አገር ብቻ የሆነ ብልሽት መጣ። ደንበኛው «ኢንተርኔት እምቢ አለኝ» ብሎ ይገባል። እኔ ሌላ ነገር ሳልነካ ቀኑን አያለሁ። የእኛን ዓመተ ምሕረት ሞልቶበታል። ስልኩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል፣ የሚከፍተው ገጽ ሁሉ «ሰዓትህ ስህተት ነው» እያለ ይመልሰዋል። አስተካክዬ ስሰጠው ይቆጣል። «እንዴ፣ ያልገባ ዓመት ጻፍክብኝ!» ይለኛል። በሳምንቱ ራሱ መልሶት ይመጣል።

ሐጂ ኢድሪስም በዚሁ ብልሽት ነው የመጡት። ጀጎል ውስጥ መጽሐፍ ሲጠርዙ የኖሩ፣ ጣታቸው ከእኔ ጣት የሚቀል ሽማግሌ ናቸው። በተጨማሪ የአፎቻቸው ለፋፊ ነበሩ። አፎቻ በሐረሪዎች ዘንድ ለለቅሶና ለሠርግ የሚሰባሰቡበት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት የሟች ቤተሰብ ለሐጂ ይደውላል፣ ሐጂ ለአባላቱ ያሳውቃሉ። ቀብሩ በዚያው ቀን ስለሆነ መልእክቱ ትንሽ ከዘገየ ሰው ከጀናዛው፣ ከቀብሩ ሶላት፣ ይቀራል። ለእሳቸው ከጀናዛ መቅረት ቀላል ነገር አልነበረም።

«ሱለይማን» አሉኝ። ስሜ ሰሎሞን ነው፤ «ያው አንድ ነቢይ ነው» ብለው አንድ ጊዜ ወስነዋል። «ይኼ ሰዓት የማን ነው?»

«የፈረንጅ ነው፣ ሐጂ።»

«እኔ ፈረንጅ ነኝ?»

«አይደሉም።»

«እሺ። ለሰው የሐበሻውን፣ ለጾሙና ለዒባዳው የሂጅራውን፣ ለኢንተርኔትህ የፈረንጁን። ሦስቱንም ፊቱ ላይ ጻፍልኝ።»

«አይቻልም። ፋብሪካው ዘግቶታል፤ እኛ ውስጡን መንካት አንችልም።»

ስልኩን ገልብጠው አዩት። «ስልኩ የእኔ፣ ቁልፉ የሰው? አቦ፣ ይኼማ የኪራይ ቤት ነው!» ብለው ወጡ።

ይህ ንግግር ከጭንቅላቴ አልወጣም። በዚያው ሰሞን ከተማው ኮሌጅ ውስጥ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ ተዛውሮ ሲሄድ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ተወልኝና «በዚህ ላይ ሊኑክስ ይጫናል አሉ፣ ሞክረው» አለኝ። ሊኑክስን በኮምፒውተር አውቀዋለሁ። ማንም ሰው ውስጡን ከፍቶ እንዲያነበውና እንዲለውጠው ተብሎ የተለቀቀ ሥርዓት ነው። በስልክ ላይ ግን አይቼው አላውቅም። ፋይሉን ከኮሌጁ ለማውረድ ስንት እሑድ እንደተመላለስኩ አላስታውስም፤ ሊያልቅ ሲል ይቋረጣል፣ እንደገና እጀምራለሁ።

ሲጫን የማየው ነገር እውነት አልመስል አለኝ። ሰዓቱን የሚያሳየውን ፋይል ፈልጌ ከፈትኩት። ተከፈተ! ተራ ጽሑፍ ነው፤ ይነበባል። ስድስት ሰዓት የሚቀንስ አንድ መስመር ጨመርኩበትና አስቀመጥኩ። ስክሪኑ ጠፍቶ ሲመለስ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ይላል፣ የእኛ ሦስት ሰዓት። ውስጡ ያለው የዓለም ሰዓት አልተነካም፣ ኢንተርኔቱም አልተቆጣም። እንዴት እንደጮህኩ እንጃ፤ ጋሽ ታደሰ ኤሌክትሪክ የያዘኝ መስሏቸው ማብሪያውን አጠፉት።

ፋይሉን አሳየኋቸው። እንግሊዝኛው ባይገባቸውም እኔ የጻፍኩትን መስመር በጣቴ አመለከትኳቸው። ከመደርደሪያው ላይ የአንድ አሮጌ ትልቅ ሬዲዮ የጀርባ ክዳን አወረዱ። በውስጥ በኩል የሬዲዮው ሥዕል ተለጥፎበታል፤ የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ሁሉ ተሥሏል።

«እኔ በዚህ ነው የተማርኩት» አሉ። «ድሮ ዕቃ ሲሸጥልህ ከነሥዕሉ ነበር። ሞባይል ሲመጣ ሥዕሉን ደበቁብን። ይኼ ሥዕሉን መልሷል ማለት ነው?»

«መልሷል፣ ጋሽ ታደሰ!»

«ይጮኻል ወይ?»

ይጮኻል። ደወልን፣ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የሚችለኝ ጠፋ። ሱቅ ለገባ ሁሉ ሐረር በአምስት ዓመት ውስጥ ሊኑክስ ስልክ እንደምትይዝ መስበክ ጀመርኩ። ወጣቶቹ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጓደኞቻቸው ሁሉ ያሉበት የመልእክት መተግበሪያ ይሠራ እንደሆነ። አይሠራም። ካሜራውም ሰውን አረንጓዴ አድርጎ ያነሣ ነበር። እየሳቁብኝ ይሄዳሉ። እኔ ግን አንድ ሰው አስቤያለሁ፣ ለእሱ ይበቃዋል።

ያንኑ ስልክ ለሐጂ አዘጋጀሁት፤ እስካሁን አልረሳውም። ፊቱ ላይ ሦስቱም ቀኖች አሉ። ፊደላችን ባዶ ሣጥን ሳይሆን ፊደል ሆኖ ይታያል። አንዲት ቁልፍ ሠራሁላቸው፤ የሟችን ስም፣ ሰፈሩንና የቀብሩን ሰዓት ጽፈው ሲነኳት መልእክቱ ለአፎቻው አባላት በሙሉ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ድሮ ይህን ሥራ አንድ በአንድ እየደወሉ ነበር የሚጨርሱት።

የሂጅራውን ቀን ሲያዩ ጠየቁኝ። «ጨረቃ ሳትታይ ስልክህ ወሩ መግባቱን በምን አወቀ?»

«በሒሳብ ነው፣ ሐጂ።»

«ሒሳቡ ቢስትስ?»

ቀኑን በአንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚገፋ ምልክት ጨመርኩላቸው። ቁጭ ባሉበት፣ በዓይናቸው እያዩ። ከዚህ በፊት ለደንበኛ «እሺ፣ አሁን እለውጠዋለሁ» ብዬ የስልክን ውስጥ ለውጬ አላውቅም ነበር። ሐጂ በጣም ሳቁ። «አሁን የራሴ ቤት ገባሁ» አሉ።

አንድ ችግር ብቻ ቀርቶ ነበር። ባትሪው እስከ ቀትር እንኳ አይደርስም። ይህ አናደደኝ፤ ሰው «ያንተ ሊኑክስ ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው» እንዲለኝ አልፈለግሁም። ስልኩ ሳይነካ ሲቆይ ጭልጥ ብሎ እንዲተኛ አደረግሁት። ባትሪው እስከ ማታ መቆየት ጀመረ። በቤቱ ሕግ መሠረት ከሱቁ ስልክ ደወልኩ፣ በሐጂ እጅ ላይ ጮኸ፣ ወሰዱት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሠርግ ያህል ነበሩ። ሐጂ ስልኩን ከእጃቸው አያወርዱትም፤ መልእክቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠቀሙበት፣ ሁሉም በሰዓቱ ደረሰ። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ አትክልት የሚያወርዱ ገበሬዎች ሳይቀሩ «የሐጂን ሰዓት አሳየን» እያሉ ሱቁ ድረስ መጡ።

ከዚያ አቦከር ሰፈር የሚኖሩት ዑመር አረፉ። የሐጂ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ያረፉት በጧት ነው፤ ቀብሩ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ ተባለ። ልጃቸው ለሐጂ ደወለ፣ ደጋግሞ ደወለ፤ ሊገኙ አልቻሉም። ስልኩ ቤታቸው ነደባው፣ ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ፣ ላይ፣ ከክንዳቸው አጠገብ ነበር። ሐጂ መጽሐፍ እያነበቡ ነበር። ስልኩ አንድም ድምፅ አላሰማም። በመጨረሻ አንድ ጎረቤት በእግሩ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ የቀብሩ ሶላት አልቋል። ሐጂ መቃብሩ ላይ የደረሱት አፈር ሲመለስ ነው። የአፎቻው ግማሽ ከነጭራሹ አልሰማም።

በማግስቱ ሱቅ መጡ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ሱለይማን፣ ስልክህ ተኝቶ ቀረ። ዑመርን ቁርአን ቤት አብረን ነው የገባነው። ሶላቱ ላይ አልቆምኩለትም።»

ይህን ብቻ ነው ያሉት። አፈርኩ። ከጋሽ ታደሰ ዓይን ሸሽቼ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመርኩ። ጋሽ ታደሰ ከሳጥን ውስጥ አሮጌ ባለ ቁልፍ ቀፎ አወጡ፣ የሐጂን ሲም አስገቡበት፣ ደወሉበትና ሰጧቸው።

ሐጂ ወጥተው ሁለት እርምጃ ሄዱና ተመለሱ። «ያንንም አምጣው» አሉ። «ሌላ ሲም አወጣለታለሁ። ይኼኛው ይስማ፣ ያኛው ይናገር። ኪሴ ሁለት ነው።»

የዚያን ዕለት ሊኑክስን ልተወው ነበር። ያልተውኩት በዚህች ንግግር ምክንያት ነው። ከዑመር ጀናዛ ያስቀራቸውን ስልክ መልሰው ኪሳቸው ከከተቱት፣ እኔ ምን ቆርጦኝ ነው የምተወው?

ስህተቱ የእኔው ነበር። ስልኩን ሳስተኛው ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገረውንም ክፍል አብሬ አስተኝቼዋለሁ። ያ ክፍል ነው ነቅቶ ሌላውን መቀስቀስ ያለበት። እሱን ብቻ ለይቼ ነቅቶ እንዲቆይ ማድረግ ግን አቃተኝ። ሊኑክስ የሚሠሩ ሰዎች በሚወያዩበት ገጽ ላይ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጻፍኩ። የቀብሩንም ነገር ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ከየት አገር እንደሆነ የማላውቀው ሰው ሁለት መስመር ላከልኝ፤ የቱ ፋይል ውስጥ ምን እንደምለውጥ። ከሥሩም «ለሽማግሌው አዝናለሁ» ብሏል። በሥራ ዘመኔ ፋብሪካ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። ያንን ጽሑፍ ለጋሽ ታደሰ ተርጉሜ አነበብኩላቸው።

ሐጂን ከነስልካቸው ጠርቼ መስመሮቹን አስገባሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስተኛነው። ጋሽ ታደሰ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው አጠገቡ አኖሩ። ሐጂ ቀኑን ለማየት እጃቸውን ሲዘረጉ ጋሽ ታደሰ ጮኹ።

«ሐጂ፣ አይንኩት! ይተኛበት!»

«ሕፃን አደረጋችሁት እኮ» አሉ ሐጂ፤ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ደንበኛ ሲገባ «ጠረጴዛውን አትንኩ» እንላለን። ሐጂ ስለ ዑመር አወሩልን፤ አንድ ላይ ሲማሩ ማን የማንን ሉሕ፣ የቁርአን መማሪያ ጣውላ፣ እንደሰበረ። ሰዓቱ ሲሞላ ደወልኩ። መጀመሪያ ጸጥ አለ። ከዚያ ስክሪኑ በራ፣ ስልኩ ጨርቁ ላይ ጮኸ።

ሐጂ አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ከፊታቸው ተቀምጬ ነው የምደውለው።

«ሃሎ፣ ሐጂ፣ ይሰማሉ?» አልኩ።

«እሰማለሁ» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «አሁን እሰማለሁ።»

ባለ ቁልፉን ቀፎ ግን አልመለሱም፤ እኔም መልሱልኝ አላልኩም። ሊኑክስ ስልክ ለሁሉ ሰው ዛሬ ይበቃል አልልም። ያ የመልእክት መተግበሪያ አሁንም አይሠራም፣ ባትሪውም አሁንም ከእኔ ጋር ይጣላል። ለሐጂ ግን በቃቸው፤ የጎደለውንም እኛው ከፍተን ሞላነው። ይህን ሳስብ አሁንም ሰዓቱ እንደተለወጠልኝ ቀን ጩህ ጩህ ይለኛል።

ጋሽ ታደሰ ሱቁን ለእኔ ትተው ቤት ከዋሉ በኋላ የቤቱን ሕግ በትንሹ ለወጥኩት። በእጅ ላይ ያለ ስልክ የነቃ ስልክ ነው፤ በእጅ ላይ መጮሁ ምንም አይነግራችሁም። ለባለቤቱ ከመስጠታችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ አንድ ሰዓት አትንኩት፣ ከዚያ ደውሉ።