ሳትለካ የሠራችው ጥርስ

የክሊኒኩ ሰዎች ስሟን ትተው «ዓይናማዋ» ይሏታል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ፣ ቀለሙ አልገጠመም ተብሎ የተመለሰባት በጣት የሚቆጠር ነው። ይህንንም ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች፤ ኩራት እሷ ዘንድ ሞልቷል።

ጥርስ ነጭ ነው የሚል ሰው ያናድዳታል። «ነጭስ የሽንት ቤት መቀመጫ ነው!» ትላለች። ጥርስ ከድዱ አጠገብ ቢጫ ይላል፣ መሐሉ ላይ ይደምቃል፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ብርሃን ያሳልፋል። የሴራሚኩን ዱቄት በውሃ ለውሳ በቀጭን ብሩሽ ስስ ስስ አድርጋ የምትደራርበው ለዚሁ ነው። ብርሃን ገባ ብሎ ካልተመለሰ ጥርሱ አፍ ውስጥ የተሰፋ ቁልፍ ይመስላል። ስለዚህ ታካሚውን ሁሉ መስኮቱ ጋ ታቆመዋለች፤ ሴቶቹን ሊፕስቲካቸውን ታስጠርጋለች፤ አሥራ ስድስቱን የቀለም መለኪያ ጥርሶች አንድ በአንድ እያስጠጋች ታያለች። ይህም ዶክተሩ ሥራ ሳይጀምር ነው፤ አፍ ተከፍቶ ሲቆይ ጥርስ ይደርቅና ከልኩ በላይ ነጥቶ ይታያል። ሚኒስትርም ቢመጣ ቀለሙ ሳይለካ አይሠራለትም።

ልጇ ግን ሳትለካ ተሠራላት።

ልጅቱ አስተማሪ ናት፣ ሠላሳ አራት ዓመቷ። ደረጃ ላይ ወድቃ የፊት ጥርሷ እኩሌታው ሄደ። ከዚያ ወዲህ አፏን በእጇ ሸፍና ታስተምራለች፤ ተማሪ ሲያስቃት ወደ ሰሌዳው ትዞራለች። እናት ይህን በሰማችበት ቀን ሥራውን ጀመረች።

«እማ፣ አትለኪኝም እንዴ?»

«ያንቺን? ከድድሽ ብቅ ሲል ጀምሮ የማውቀውን ጥርስ? ምን ሆነሻል አንቺ!»

ዶክተሩ በተሰበረው ጥርስ ላይ ሳያጣብቅ በውሃ ብቻ አስቀምጦ ሞከረው። ከጎኑ ካለው ጋር ጭራሽ አይተዋወቁም፤ አዲሱ ቦግ ብሎ ነጥቷል። እናት መብራቱን ወቀሰች። በቀን ብርሃንም ያው ሆነ። ሴራሚኩ የሚተኮስበትን ምድጃ ወቀሰችና እንደገና ሠራች፤ ሁለተኛውም ነጣ።

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ ይሄ እኮ የአሥር ዓመት ልጅ ጥርስ ነው።»

ልጅቱ ከወንበሩ ተነስታ ቦርሳዋን አነገተች። «ይቅርብኝ እማ። እንዲሁ እኖራለሁ» አለች። ተቆጥታ ብትናገር ይሻል ነበር፤ ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። እናት ደነገጠች። ክንዷን ይዛ ጎትታ መስኮቱ ጋ አቆመቻት።

እጇ ሳታስበው ነጩን መለኪያ ሊያነሳ ሄዶ ተመለሰ። ልኳን ያገኘችው አራት ደረጃ ጠቆር ብሎ ነው። ከድዱ አጠገብ ቢጫው በርትቷል፤ ከላይ ወደ ታች ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወርዳለች። ብርሃን የሚያሳልፈው ጫፍ ደግሞ የለም፤ ከፊት ጥርሶቿ ከሁሉም ላይ ተፍቆ አልቋል።

«ጥርስሽን ታፋጫለሽ?»

«ስተኛ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አባዬ ከሞተ ጀምሮ።»

እናት ክው አለች። አባትየው ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ እሷ አልጋ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ሰው የተቀበለችው፣ ቤቱን የያዘችው፣ «አይዞሽ» ያለቻት ይህችው ልጅ ነበረች። ልጄ ጠንካራ ናት፣ ወንድ አይደርስባትም እያለች ለጎረቤት ስታወራ ነው የኖረችው።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አንቺ ራስሽ እያለቅሽ፣ ምን ብዬ ልጨምርብሽ?»

እናት አንገቷን ደፍታ የመለኪያውን ቁጥር ጻፈች፤ ስንጥቋን ወረቀት ላይ ሣለች፤ የተፋቀውን ጫፍ ለካች። መጻፉ ከወትሮው ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

ሦስተኛውን ጥርስ አራት ቀን ሠራችው። ጫፉን እንደ ጎረቤቶቹ ተበልቶ ያለቀ አደረገችው፤ ስንጥቋንም ባንድ የብሩሽ ፀጉር ቡናማ አድርጋ ሣለችበት። ዶክተሩ ሞከረውና አጣበቀው። ልጅቱ መስታወቱን ይዛ አየች፣ አየችና አንዱን ጥርስ በጣቷ ነካች።

«ይሄ ነው?»

«እሱ የራስሽ ነው።»

ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች። ዶክተሩም ሳቀ። እናት ግን አልሳቀችም፤ ጋውኗን አውልቃ ምስማሩ ላይ ሰቀለች።

«ዛሬ እኔ ጋ ነው የምታድሪው» አለቻት። «ስለ አባትሽ እናወራለን። አሁን ተራው ያንቺ ነው፤ አልቅሺ፣ እኔ አለሁ።»