በሙሽሪት መዳፍ ላይ የተሣለችው መርዘኛ አበባ

በሂና ብዙ ነገር ሣይልኝ ተብያለሁ። ጣዎስ፣ ጨረቃ፣ የወይን ሐረግ፤ አንዷማ የባሏን መኪና ታርጋ ካልሣልሽልኝ ብላ ጉድ አሳይታኛለች። እግር ያለው አበባ ግን ከዚያች ሙሽራ በፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የምኖረው ጁባ፣ ካቶር ሰፈር ነበር፤ ሥራዬ ግን በብዛት ማላኪያ ነው። የኛ አገር ነጋዴዎች ሱቅና መኖሪያቸውን በአንድ ግቢ አድርገው የሚኖሩበት ሰፈር ስለሆነ እዚያ ሙሽራ አይጠፋም። የጁባ ሙሽራ ደግሞ፣ ሐበሻም ትሁን የአገሩ ልጅ፣ ሂናዋ በሱዳን ወግ ካልተሠራ የተዳረች አይመስላትም። ከጣት ጫፍ እስከ ክንድ፣ ከእግር ጥፍር እስከ ባት ነው። አገር ቤት ሻይ እስኪፈላ የምጨርሰውን ሥራ እዚህ ከቀትር እስከ ማታ አጎንብሼ ወገቤ እስኪቆረጥ እሠራዋለሁ።

የዚያችኛዋ ሙሽራ አክስት ማላኪያ ውስጥ የአንሶላና የብርድ ልብስ ጅምላ ሻጭ ነች። ልጅቷን ከአዲስ አበባ ያመጣቻት እሷ ነች፣ የምትድራትም እሷው። ሙሽራው ደግሞ ኮሎሎ ሰፈር አንድ ጌስት ሃውስ ውስጥ ሪሴፕሽን የሚሠራ ያገራችን ልጅ ነው። ኒካሑ የሚታሰረው ማክሰኞ ነበር። ሂና በደንብ እስኪጠቁር ጊዜ ስለሚፈልግ እሑድ ከሰዓት ጠሩኝ። በፈረንጆቹ 2013 ሊያልቅ ሲል፣ ታኅሣሥ ላይ ነው።

እግሯን ጨርሼ ወደ እጇ ስመጣ፣ ሙሽሪት አክስቷ ወደ ሱቁ እስክትወጣ ጠብቃ ስልኳን ከትራሱ ሥር አወጣች።

«እታለም፣ መዳፌ ላይ ይቺን ሣይልኝ።»

አየሁት። አንድ ትልቅ ሐምራዊ አበባ ነው፤ ቅጠሎቹ እንደ ጃንጥላ ወደ ታች ተከድነዋል፣ ከሥሩ ደግሞ ሥሮቹ እንደ ዶሮ እግር ተዘርግተው ቆሞባቸዋል። ከአበባው መሀል ሁለት ዓይኖች አጮልቀው ያዩኛል።

«ይሄ ምንድነው በአላህ?»

«ጭራቅ ናት።»

«አስተግፊሩላህ! ሙሽራ መዳፍ ላይ ጭራቅ?»

ሳቋ አላስቀምጥ አላት። የስልክ ጨዋታ ነው አለችኝ። ጫካ ለጫካ፣ ወንዝ ለወንዝ እየዞሩ ጭራቆች ይፈልጋሉ፣ ይይዛሉ፣ ያሳድጋሉ፣ ይሰበስባሉ። እጮኛዋ ለዓመታት ሲሰበስብ ኖሯል፤ ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት ይቺን መርዘኛ አበባ ነው።

«ጭራቅ ይሰበሰባል እንዴ? ጭራቅ የሚሸሹት ነው እንጂ!»

«እኔም እንደሱ ነበር የምለው» አለች።

አመሌ ነው፣ አንድ ነገር ካልገባኝ እጄ አይሠራም። ሂናውን የምጨምቅበትን ኮን አስቀምጬ ጥያቄዬን አወረድኩባት። መርዙ የት ነው ያለው? በአበባው ዱቄት ውስጥ ነው፣ ያሸተተው ሰው እንቅልፍ ይጥለዋል አለች። ትገድላለች? አትገድልም፣ ግን ታደክማለች። ታዲያ ለምን ትመርዛለች፣ ምን አድርገዋት? ሲነኳት ነው እንጂ እሷ ሄዳ ማንንም አትነካም።

«መርዙን ከየት አመጣችው? ይዛው ተወልዳ ነው?»

«አይደለም። የተበላሸ ውሃ ትጠጣለች ይላል እሱ። የቆመችበት ኩሬ እየጠራ ይሄዳል፣ መርዙ እሷ ውስጥ ይቀራል።»

እዚያው ወደድኳት። እኔ እኮ ጭራቅ ስትለኝ ሰው የምትበላ መስላኝ ነበር፤ ለካ ውሃ የምታጣራ ምስኪን ናት! የጁባን የቦቴ ውሃ ለሚጠጣ ሰው እንዲህ ያለች ጭራቅ በየበርሜሉ አንድ አንድ ብትኖር ምን አለበት።

«እሺ፣ አንቺ ምን አስጨነቀሽ? እሱ ከወደዳት በስልኩ ይያት» አልኳት።

ሳቋ ጠፋ። ከወር በፊት ጓደኞቹ ፊት ተቆጥታው ነበር። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ሊያገባ ደርሶ፣ ምሳ ላይ ጭራቅ ሲያሳድድ አይታ «ወይ እኔ፣ ወይ ጭራቆችህ!» አለችው። ጓደኞቹ ሳቁበት።

«ከዚያ ወዲያ እኔ ባለሁበት ስልኩን አያወጣም» አለችኝ። «አልተጣላኝም፣ አልመለሰልኝም። ደበቀው ብቻ። እሱ ሲደበቀኝ ደስ አይለኝም እታለም። ማክሰኞ መዳፌን ስከፍትለት ይቺን ይያት። ከነጭራቆችህ ነው የማገባህ ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።»

ይሄን ሰምቶ እምቢ የሚል አንጀት የለኝም። ግን እኔም የራሴ ሕግ አለኝ፣ ነፍስ ያለው ነገር ዓይን አልሠራም። እናቴም አትሠራም ነበር።

«ያለ ዓይንማ ተራ አበባ ይመስለዋል!» አለች፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«የሚያውቃት ከሆነ ያውቃታል።»

«ካላወቃትስ?»

«ካላወቃት አፍ አለሽ፣ ትነግሪዋለሽ።»

«ብነግረውማ ምን ዋጋ አለው» አለችና አኮረፈች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ቢያንስ ጥቁሩን ሂና አድርጊልኝ፣ ብዙ ቀን ይቆያል አለች። ጥቁሩ የፀጉር ቀለም የሚቀላቀልበት ነው፤ የስንት ሙሽራ እጅ ውሃ ቋጥሮ፣ ተልጦ አይቻለሁ። «መርዘኛዋን በመርዝ ልሣልልሽ? እጅሽን በፋሻ ጠቅልለሽ ነው የምትዳሪው?» ብዬ ጮህኩባት። በደህናው ሂና፣ ሱዳኖቹ መሐለቢያ የሚሉትን ሽቶ ዘይት ጠብ አድርጌበት፣ አበባዋን በቀኝ መዳፏ ላይ ሠራኋት። ቅጠሎቿን ወደ ሙሽሪት ጣቶች አወጣሁ፣ ሥሮቿን የእጇ አንጓ ላይ አቆምኩ። መኩራት አይሁንብኝ እንጂ ቆንጆ ሆነች።

ሂናው ሳይደርቅ መሸብኝ፤ እደሪና ጠዋት ትሄጃለሽ አሉኝ። ያን ምሽት ነው ከተማው ውስጥ ወታደሮቹ እርስ በርስ ተኩስ የጀመሩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉም ጁባ የነበረ ሰው የሚያውቀው ነው። አክስቲቱ ሱቁን ከውስጥ ዘጋች፤ ሦስታችንም መጋዘኑ ውስጥ በብርድ ልብስ ቦንዳዎች መሀል ተኛን። ጥይት ቦንዳ አይበሳም አለችን፣ እኛም ማመን ስለፈለግን አመንናት። የስልክ መስመሩ ጠፋ። ማክሰኞም መጣና ሄደ፣ ኒካሕ የሚባል ነገር ማንም አላነሳም። በአጥር ላይ የሚያዋሩን ጎረቤቶች አንዱ ኮሎሎ በኩል ነው የባሰው ይላል፣ ሌላው ኮሎሎ ሰላም ነው ይላል። ልጁ ይኑር ይሙት የሚያውቅ አልነበረም።

ሙሽሪት አላለቀሰችም። ያላትን ሁሉ መዳፏ ላይ ጣለች። ጠዋትና ማታ የሰሊጥ ዘይት ትቀባዋለች፣ ሌላ ነገር ልትነካ ስትል ፌስታል ታጠልቅበታለች። ሳህን አታጥብም፣ ሽንኩርት አትልጥም። እኔ ለሥራ የተጠራሁት ሴትዮ የሰው ቤት ድስት እፈገፍጋለሁ፣ ሙሽሪት እንደ እመቤት እጇን ወደ ላይ አንጠልጥላ ትቀመጣለች። «ጭራቅሽ ታግዘኝ እንጂ!» ስላት ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታዋ ግን አፏ ላይ ብቻ ነው።

ፈርቼ ነበር። በጣም ፈርቼ ነበር። ስፈራ ደግሞ እጠይቃለሁ። ቦንዳ ተደግፈን ቁጭ ብለን ስለዚያች አበባ ያልጠየቅኩት የለም። እናት አላት? ከዘር ነው የምትበቅለው ወይስ ትወለዳለች? ክረምት ላይ ትረግፋለች? ስትያዝ አብረዋት ያሉትን ጭራቆች አትመርዝም?

«እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቤት አላቸው» አለች።

«ታዲያ ብቻዋን ነው የምትኖረው?»

«እሱ ሲጠራት ትወጣለች።»

«ካልጠራትስ?»

ይሄን ባልጠየቅኩ ኖሮ። ፊቷን ወደ ቦንዳው አዞረች፣ ምላሴን ረገምኩት።

ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ከቀረ ቆይቶ ነበር። በርሜሉ እየጎደለ ሲሄድ አክስቲቱ ውሃው ለመጠጥ ብቻ ነው ብላ ወሰነች፤ ለሶላት በውሃ መታጠቡ ቀርቶ በአፈር ተየሙም አደረግን። ሙሽሪት በዚህ ደስ ብሏታል፤ ውሃ በቀን አምስት ጊዜ መዳፏን ቢነካ አበባዋ ምን ትሆን ነበር? አፈሩን መታ ስታደርግ እንኳ የቀኙን ለስለስ አድርጋ ነው። አንድ ቀን ግን ውሃ በጄሪካን የሚሸጥ ሰው በሩን አንኳኳ፤ ሌላ ቀን ዋጋ የምትከራከረው አክስት ያለውን ሁሉ ገዝታ አስገባች።

«በሉ ተነሱ፣ ከእንግዲህ በውሃ ነው» አለች።

«አክስቴ፣ ዛሬን ብቻ…»

«ውሃ እያለ በአፈር ሶላት የለም።»

ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ቆመች። አክስቲቱ መጥታ እጇን ያዘችና መዳፏን ገለጠችው፤ እስከዚያ ቀን በደንብ አላየችውም ነበር። አተኩራ አየችው።

«ይሄ አበባ እግር አለው እንዴ?»

«ሥር ነው!» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

አክስቲቱ እኔን አየች፣ ልጅቷን አየች። የገባት ነገር እንዳለ አላውቅም። ጆጉን አንስታ ራሷ በስሱ አፈሰሰችላት። «ውሃው ይድረሰው እንጂ ማሸት ግዴታ አይደለም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እኔ ያቺን ሴትዮ እስከዚያ ቀን ደረቅ ናት እል ነበር።

ቢሆንም አበባዋ መፍዘዝ ጀመረች። መጀመሪያ የሸክላ ቀለም ነበራት፣ ከዚያ የሻይ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ጊዜ ውሃ የተጨመረበት ሻይ። ከሥሮቿ ግማሾቹ ጠፉ። የሂና ዱቄት ተርፎኝ ስለነበር ልድገምልሽ አልኳት።

«አይሆንም። ከደገምሽልኝ እሱ መቅረቱን ያመንኩ ይመስለኛል» አለች። ዱቄቱን መልሼ ቋጠርኩት።

ተኩሱ ከበረደ በኋላ አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ማንም አልተነሳም። እንደገና ተንኳኳና «እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ» የሚል የአማርኛ ድምፅ መጣ። ሙሽሪት ከተቀመጠችበት እንዴት እንደተነሳች አላየሁም፣ በሩ ጋ ደርሳ አየኋት። አክስቲቱ ብረቱን አነሳች።

የገባውን ሰው ሳየው ደነገጥኩ። ከፀጉሩ እስከ ጫማው ጥቁር ነው፣ ዓይኑ ብቻ ቀልቶ ይታያል። ከጌስት ሃውሱ ምግብ አብሳይና ከዘበኛው ጋር የከሰል ማስቀመጫ ውስጥ ተደብቀው ነው የሰነበቱት። መንገዱ ሲከፈት በእግሩ ተነስቶ መጣ። ይሄን ሁሉ ቆሞ ነው የነገረን፣ ሙሽሪት አጠገቡ ቆማ፣ እሷም እሱም እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው።

«ስልክህስ? ብንደውል ብንደውል…» አለች አክስቲቱ።

«መንገድ ላይ ወታደሮች አስቁመው ወሰዱብኝ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞር ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «እነሱም ከስልኩ ጋር አብረው ሄዱ። አንድም አልቀረኝ» አለና ሊስቅ ሞከረ። ሲያሳፍረው የነበረውን ነገር ራሱ አንስቶ እንደ ቀልድ ሊያልፈው መፈለጉ ታወቀኝ።

«ነፍስህ ትረፍ እንጂ፣ ስልክ ይገዛል!» አለች አክስቲቱ፣ ምን እንዳለ ሳይገባት። እኔ ግን ጭራቆቹን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። አሁን አሳዪው፣ አሁን! አልኩ በሆዴ። ዓይኔን አፍጥጬ ብጠቅሳት አላየችኝም።

«ና፣ መጀመሪያ ፊትህን ታጠብ» አለችው።

በርጩማ አቀረበችለት፣ ጆጉንና ሳሙናውን አመጣች። እኔ ላፍስስለት ብዬ ስነሳ በክርኗ ገፋችኝ። ያን ሁሉ ቀን ከውሃ ስትሸሽገው የኖረችውን መዳፍ በሳሙና አረፋ ሞላችውና ፊቱን ታሸው ጀመር፣ ግንባሩን፣ ጆሮ ግንዱን፣ አንገቱን። ኒካሕ ገና አላሰሩም፤ አክስቲቱ ማየት የማይገባትን እንዳታይ ወደ ቦንዳዎቹ ዞራ የታጠፈውን ብርድ ልብስ እንደገና ታጥፋለች። ከሰሉ እየወረደ ሳፋው ጠቆረ። እኔ አበባዋ አለቀች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጠው ልጁም ዓይኑን ገልጦ ነበር። ውሃው ከአገጩ ይንጠባጠባል። እጇን ከፊቱ ላይ ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረውና መዳፏን ያየዋል። ምን ቀርቶበታል? ጣቶቿ ላይ የሚያርፉት ቅጠሎች፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት መስመር፣ እሱም ደብዝዞ። ተራ አበባ ነው ቢል ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

የቀረውን መስመር በአውራ ጣቱ ተከተለ።

«አንዷ አምልጣቸዋለች» አለ። ከዚያም ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፎ፣ መዳፏን ዘግቶ፣ በሁለት እጁ ያዘው።