ከዋጋው ወረቀት ሥር ያለችው መስመር

ቤተ መጻሕፍት አብራኝ የምትሠራው ልጅ ለሥልጠና አዲስ አበባ ደርሳ ስትመለስ አንድ ቆርቆሮ ሻይ አመጣችልኝ። ኡሎንግ ይባላል፤ ላቬንደር የሚሉት አበባና ቫኒላ ተጨምሮበታል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ብቻዬን መጠጣት አላሰኘኝም። በሠላሳ ዓመቴ ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን ጠራኋቸው። ሁሉን ቀድመውኝ የሚያውቁ ሰው ናቸውና አንድ ቀን እንኳ እኔ የማሳያቸው ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው።

ዐርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ መጡ።

«ጥቁርም አረንጓዴም አይደለም» አልኋቸው። «ቅጠሉ መጥቆር ሲጀምር ያቆሙታል።»

«ትምህርቱን አቋርጧላ።»

ክዳኑን ስከፍት አሸተቱና አንገታቸውን ሳብ አደረጉ። «ሳሙና ሳሙና ይላል። ከሥሩ ደግሞ ወተት።»

«ቫኒላ ነው፣ የኔታ። የተክል ፍሬ ነው። ኬክ ውስጥ ስለሚገባ ነው ወተት የሚመስለው።»

«ኬክ የት አግኝተሽ?»

«መጽሐፍ ላይ።»

«እንግዲያው የተጻፈውን አንብቢልኝ። በጣትሽ እየጠቆምሽ።»

እንደ ጥንቱ እየጠቆምሁ ወደ አማርኛ መለስሁላቸው። ሻይ ቅጠል። ላቬንደር። ቫኒላ። ውኃው ፈልቷል። ጣቴ ከዋጋው ወረቀት ሥር ብቅ ያለች ደቃቅ መስመር ላይ ቆመ፦ ጥቂት ወተት ሊኖርበት ይችላል። የኔታ እንግሊዝኛ አያነቡም። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም።

«ምነው ቆምሽ?»

ነገርኋቸው።

«ድሮ መስመር ትዘዪ ነበር» አሉ። «ተሻሽለሻል።»

የፈላውን ውኃ በስኳር ጠጣነው።

ከዚያ ወዲያ ባገኙኝ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ሆነ። «ሻዩ ደኅና ነው? ከፍተሽ አላሸተትሽም?»

«አላሸተትሁም» እላለሁ። ሦስት ጊዜ አሽትቻለሁ።

በፋሲካ ማግስት ሦስት ደቂቃ በሰዓት ቆጥሬ ቀዳሁ። ቀለሙ ብርዝ ይመስላል። መጀመሪያ አበባው አፍንጫ ላይ ይወጣል፤ ቀጥሎ የተቆላ ገብስ የመሰለ ነገር ይመጣል፤ ቫኒላው ከዋጥሁት በኋላ ነው የደረሰው፣ ደርሶም አልሄድ አለ።

የኔታ ስኳር ጠየቁ።

«ያለ ስኳር ነው የሚለው።»

«ወረቀቱ ከእኔ ይበልጣል?»

«የተጻፈውን እንዳለ አንብቢ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ያለ ስኳር ጨረሱት፣ ስኒያቸውንም ዘረጉልኝ። ስቀዳላቸው ቆርቆሮውን አንሥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ጣታቸውን በዚያች ደቃቅ መስመር መጀመሪያ ላይ አኖሩ።

«ይቺ ፊደል» አሉ፣ «ማን ትባላለች?»