የካሴቱ ሁለት ጥርሶች

ትናንት ጠዋት ስልኬ «ማከማቻዎ ሞልቷል» አለኝ። ቀጥሎም በታላቅ ትሕትና፣ የቆዩ የድምጽ ቅጂዎችን ራሱ መርጦ ሊያጠፋልኝ እንደሚችል ገለጸልኝ። ከኔ የሚጠበቀው አንዴ በጣቴ መንካት ብቻ ነው። ከተዘረዘሩት ውስጥ የመጀመሪያው የእናቴ ድምጽ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁትና ጣቶቼን ከሱ አርቄ ተቀመጥኩ።

እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ሙያዬን የሰማ ሁሉ «አንቺ የኮምፒውተር ሰው አይደለሽ እንዴ?» እያለ የተበላሸ ስልኩን ያሸክመኛል። እኔ ግን ከነዚህ ዕቃዎች ጋር ሆድና ጀርባ ነን። ስቸኩል «እየታደስኩ ነው፣ ጠብቂ» ይሉኛል። የለመድኩትን ቁልፍ ሳያማክሩኝ ከቀኝ ወደ ግራ ያዞሩታል። ልፈታቸው ብል ብሎን እንኳ የላቸውም። መሥሪያ ቤት ያሉት ወጣቶች ደግሞ «ወይዘሮ እርግጠኛ ነዎት» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ የሚያጠፋ ቁልፍ በሠሩ ቁጥር «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ካልጨመሩበት አላሳልፋቸውማ። ያውም አንዴ አይበቃኝም፣ ሁለቴ ይጠየቅ እላለሁ። «ተጠቃሚው ይሰለቻል» ይሉኛል። ይሰልቸው! እኔን አንዴ ብቻ የጠየቀችኝ ሴት ነበረች፤ ምነው ሁለተኛ በጠየቀችኝ ኖሮ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነበር። ጭጋጉ ማለዳ ደጃችን ድረስ ወርዶ እስከ ረፋድ አይነሳም። አባታችን ቀደም ብለው ሞተዋል፤ የቀረነው እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ነን። ወንድሜ አንድ ሰኞ፣ ገበያ ውስጥ ጫማውን ሊያሰፋ ወጥቶ ታፈሰ። አፈሳ ማለት እንዲያ ነበር፤ ጎረምሳ የሆነ ሁሉ ከቆመበት ተጭኖ ወደ ጦር ሜዳ ይሄዳል። ጫማ ሰፊው ሰው ጥሩ ሰው ነበሩና ማታውኑ ጫማውን ጨርሰው ቤታችን ድረስ አመጡልን። እናቴ ተቀብላ በጨርቅ ወለወለችውና ከአልጋዋ ስር አኖረችው።

ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። እናቴ ግን ማንበብ አትችልም፤ እኔ ሳነብላት ደግሞ ትቆጣለች። «ያንቺንማ ድምጽ ቀን ከሌት እሰማው የለ፤ እኔ የምሻው የሱን ነው» ትላለች። መፍትሔውን ያገኙት የከባድ መኪና ሾፌር የሆኑት የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ናቸው። አጎቴ ኮምቦልቻ ይኖሩ ነበር፤ ቴፕም ነበራቸው። የወንድሜ ጓደኛ ደግሞ የጦር መኪና ይነዳ ስለነበር ወደ ሰሜን ሲመላለስ ኮምቦልቻ ላይ ያድራል። እናም ወንድሜ ድምጹን በካሴት ቀድቶ በጓደኛው እጅ መላክ ጀመረ።

ካሴት እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ብዙ ቤት የሚያደርገውን እኛም አደረግን፤ አንዱ ካሴት እንደ ውሃ እንስራ ሞልቶ ይመጣል፣ ሞልቶ ይመለሳል። የመጣውን ሰምተን፣ አልቅሰንና ስቀን ስናበቃ፣ መልሳችንን እዚያው ላይ እንቀዳለን። ቀጂዋ እኔ ነበርኩ። በፊዚክስ ከክፍሌ አንደኛ ስለምወጣ ወንድሜ «መሐንዲሷ» ነበር የሚለኝ። የደከመ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አሙቄ ነፍስ እዘራበታለሁ፤ ጥጥ ሽቶ ውስጥ ነክሬ የቴፑን ጭንቅላት እጠርጋለሁ። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

ካሴቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን ወንድሜ ሳቀብኝ። «እማ አላህ ይጠብቅህ ብለሽ ስትጨርሺ» አለ፣ «ወዲያው የማን ድምጽ ቢመጣ ጥሩ ነው? የራሴ! የድሮው እኔ አሁን ላለሁት ለኔ ሰላምታ አቀረበልኝ። ምሽግ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። መሐንዲሷ፣ ሥራሽን ጥርት አድርጊው እንጂ!» የኛ መልስ አጭር ስለነበር የሱ አሮጌ ድምጽ ጭራው ላይ ቀርቶ ኖሯል። እናቴና አጎቴ ከልባቸው ሳቁ። የኔ ፊት ግን እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ሁለተኛ እንዲህ እንደማይደገም ለራሴ ማልኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጣ ዕለት እሑድ ነበር። በጠዋቱ አውቶብስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወረድን። ደሴ ላይ የተከናነብነውን ጋቢ ኮምቦልቻ ስንደርስ ጠቅልለን ያዝነው። እስካሁን ናፍጣና የጋለ አቧራ አንድ ላይ ሲሸተኝ ያ የአጎቴ ግቢ ይመጣብኛል። ቴፑ ዳንቴል ለብሶ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ደርድሬ አሞቅሁና ካሴቱን ከተትኩ።

ድምጹ ዝግ ብሎ ነበር። ከኋላው ነፋስ አለ፣ መሐል መሐል ያስላል። እንደ ወትሮው አልቀለደም። የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ እየጠራ ሰላም አለ። «አውፍ በሉኝ» አለ፤ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። ጫማ ሰፊውን ሳይቀር አውፍ በሉኝ አለ። «ጫማዬን አታስቀምጡት፣ ለሚያደርገው ሰው ስጡት» አለ። በመጨረሻ ልጅ ሳለን ከእናታችን የሰማነውን መንዙማ ለስለስ አድርጎ አንጎራጎረና ድምጹ አበቃ።

እናቴ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ምን ሆኖ ነው አውፍ በሉኝ የሚል?»

«ወታደር እኮ እንዲህ ነው እቱ። ሆዱ ይባባል። አብሽሪ» አሉ አጎቴ። ግን ዓይኗን አላዩትም።

የጦር መኪናው ከአስር ሶላት በኋላ፣ ወደ ማምሻው ላይ፣ ወደ ሰሜን ይነሳል፤ መልሳችን እስከዚያ መድረስ አለበት። ካሴቱን መልሼ ከትቼ ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ ተጫንኩ። አልገባም አለች። ደግሜ ተጫንኩ፤ አሁንም እምቢ። አውጥቼ ሳገላብጠው ከካሴቱ ጀርባ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች የሉም። እነሱ ከተነቀሉ ቴፑ በላዩ አልቀዳም ይላል፤ ድምጹ እንዳይጠፋ የተበጀ መላ ነው። ይህን አሳምሬ አውቀው ነበር። በመንገድ ላይ የተሰበሩ መሰለኝ። ሁለቱም፣ ያውም በስለት እንደተቆረጠ ንጹሕ ሆነው እንዴት በመንገድ ይሰበራሉ ብዬ አላሰብኩም። ያኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕቃው እምቢ ብሎኛል፣ እኔ ደግሞ አሸንፈዋለሁ።

«እንቢ ካለ ተይው» አለች እናቴ። «ይኸኛው ይቀመጥልኝ። ይኸኛው ድምጹ ሌላ ነው።»

አጎቴ ተነስተው ከሣጥናቸው ያለቻቸውን አንዲት ካሴት አወጡ። «እንኪ፣ በዚች ላይ ቅጂው» አሉ። የነቢዩ ውዳሴ የተቀዳባት ነበረች።

እናቴ እጇን ሰበሰበች። «የነቢን ውዳሴ አጥፍቼ የኔን ወሬ? ወላሂ አላደርገውም!»

ፀሐዩ አናታችን ላይ ደርሷል። «እማ፣ ሌላ ይልክ የለም እንዴ?» አልኩ። «አራተኛም አምስተኛም ይልካል። መልስ ሳያገኝ ቢቀር አይከፋውም?»

እናቴ ካሴቱን ሳይሆን እኔን አየች። «እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

«አዎ» አልኩ።

ከአጎቴ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጩን ወረቀት ቀደድኩ፤ አጣጥፌ ሁለቱን ቀዳዳዎች ደፈንኩ። ቀይዋ ቁልፍ ጠቅ ብላ ገባች። እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ያም አልበቃኝም፤ ጭራው ላይ ምንም እንዳይቀር ብዬ፣ እኛ ምሳ ስንበላ ካሴቱን በባዶው ከዳር እዳር፣ በሁለቱም ገጽ፣ ዝምታ ቀዳሁበት። እናቴ ጉርሻዋን ይዛ የሚዞሩትን ጎማዎች ታያለች።

«አሁን ምን እየተቀዳ ነው?»

«ምንም እማ። እያጸዳሁት ነው።»

ከዚያ ተራዋ ደረሰ። ከቴፑ ፊት ተንበርክካ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ቴፕ ፊት ሰው ፊት እንደመቆም ነው ለሷ። «ልጄ፣ ደህና ነህ?» አለችና ዝም አለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነበረች። ሰላምታ አንድ ወገን ብቻ የሚለው አይደለማ፤ ጠይቃ እስኪመልስላት ትጠብቃለች። «ሳሉ ተሻለህ?» ትልና ትጠብቃለች። «ትበላለህ?» ትጠብቃለች። እኔ በእጄ ቶሎ ቶሎ እላታለሁ፤ ቢጨንቀኝ ጠጋ ብዬ ሹክ አልኳት። ያም አብሮ ተቀዳ።

ከወር በኋላ አንድ ማለዳ፣ ከሱብሂ ሶላት መልስ፣ የሰፈር ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። አጎቴ ከኋላቸው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። እናቴ ማንም አፉን ሳይከፍት ጎንበስ ብላ ጫማውን ከአልጋው ስር አወጣችና ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ለማንም አልሰጠችውም ነበር።

ጓደኛውም ለለቅሶ መጣ። ለብቻዬ ጠርቶ ካሴቱን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «አልሰማውም» አለኝ። «ስደርስ አልነበረም።» ሊሄድ ዞሮ ተመለሰ። «ጥርሶቹን በካራ ሲነቅል አጠገቡ ነበርኩ። ምን ማድረግህ ነው ስለው፣ ይህ እንዲቀመጥ ነው አለኝ። በአፌ ብናገር እናቴ ትሸበራለች፤ እህቴ ስታየው ይገባታል አለኝ።»

ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ለቅሶው ሲበርድ አጎቴ ቴፑን ደሴ ድረስ አመጡላት። ካሴቱን ክተቺልኝ አለች። ከተትኩ። «ልጄ፣ ደህና ነህ?» አለ የራሷ ድምጽ፣ ከዚያ ዝምታ። «ሳሉ ተሻለህ?» ዝምታ። እናቴ ጆሮዋን ቴፑ ላይ ለጥፋ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ የኛ ንግግር ካለቀ በኋላ ያለውን ባዶውን ሳይቀር። ትረግመኛለች ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«የሱ ድምጽ ከኔ ድምጽ ስር አለ አይደል?» አለችኝ።

«አለ እማ» አልኩ።

«እንግዲያስ ለምን አይሰማም?»

«ቴፑ አርጅቶ ነው። ደህና ቴፕ ስናገኝ ይሰማል።»

የዚያችን ውሸት ዕዳ ዕድሜዬን ሙሉ ስከፍል ኖርኩ። ደርግ ወድቆ ሥራ ስይዝ ትልቅ ቴፕ ገዛሁላት፤ «ይኸኛውስ ያወጣዋል?» አለች። በጆሮ የሚሰካ ማዳመጫ ሳመጣላት «ይኸኛውስ?» ኮምፒውተር ልማር ስገባ እጇን ዘርግታ መረቀችኝ፤ «የወንድምሽን ድምጽ የሚያወጣ ዕውቀት ይስጥሽ።» አሜን አልኩ። የጠፋ ድምጽ እንደማይወጣ ለማወቅ ዲግሪ አላስፈለገኝም፤ ያም ሆኖ አንዳንድ ቀን ቢሮ በር ዘግቼ ሞክሬያለሁ።

በመጨረሻ ካሴቱን ስልኬ ላይ ገለበጥኩላት። አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ነው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዤላት ሳለ እጄን ያዘችና ቀስ ብላ ወደ ታች አወረደችው። «በቃሽ ልጄ» አለች። «አውፍ ብዬሻለሁ።» ስለምኑ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ከመቼ ጀምሮ ታውቅ እንደነበርም አልጠየቅኋትም። በሳምንቱ አለፈች።

ስልኬ ላጥፋው ወይ የሚለኝ ያንን ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ አንስቼ ከፈትኩት። እናቴ «ልጄ፣ ደህና ነህ?» አለች። ዝም ብላ ጠበቀች። «ትበላለህ?» አለችና ጠበቀች። እኔም ወጥ ቤቱ ውስጥ እንደቆምኩ፣ እበላለሁ እማ፣ ደህና ነኝ እያልኩ በየመሐሉ መለስኩላት። ከዚያ ዝምታው ረዘም አለ፤ የዚያች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሹክሹክታም መጣ።

«ዝም አትበይ እማ፣ ካሴቱ እየሄደ ነው።»